ሌባሻይ የሆነው ሪፖርት

ድሮ በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ የጠፋበት ሰው አቤት ይላል፣ አንድ ልጅ መድኃኒት እንዲጠጣና ጢስ እንዲታጠን ይደረጋል፣ ከዚያም ወገቡን ታስሮ እየተንገዳገደ በመንደሩ ውስጥ ይነዳል። ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። አለቀ። የት ነበርክ፣ ማን አየህ የሚል ጥያቄ የለም፤ ባለቤቱ የጠፋውን ይከፍላል። ልማዱ ስንቱን ንጹሕ ሰው ካስለቀሰ በኋላ በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል። አውጫጭኝ እንኳ ከዚህ ይሻላል። አውጫጭኝ ላይ አገሩ ይሰበሰባል፣ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን ተጠይቆ ይናገራል።

ይህን ያነሳሁት ታሪክ ለማውራት አይደለም። ልጽፍ ያሰብኩት ስለ ሒሳብ ሶፍትዌር ነው፤ በተለይም የአንድ ዕቃ አማካይ የግዢ ዋጋ ሲዛባ ምን እንደሚከተል። የጋዜጠኝነት ተማሪን የስቶክ ሒሳብ ምን አገባው የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀየት አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለ፤ ስሙን አልጠራም። የአክስቴ ልጅ እዚያ መደብር ሒሳብ መዝጋቢም ካሸርም ሆና ሁለት ዓመት ሠርታለች። በቴክኒክና ሙያ አካውንቲንግ ተምራ፣ በላዩ ላይ የፒችትሪ ሥልጠና ጨምራ፣ ሰርተፊኬቷን ላሚኔት አስደርጋ ነው የተቀጠረችው። እንደ ደንቡ ዋስ አምጪ ተባለች፤ አጎታችን ፈረመላት። በ2017 የሰኔ 30 መዝጊያ ደርሶ ባለቤቱ ሪፖርት አሳትመው ሲያዩ ሪፖርቱ ትርፍ አለ ይላል፣ መሳቢያው ደግሞ የለም ይላል። «ልጄ፣ ትርፉ የት ገባ?» አሏት። እሷም የምታውቀውን መለሰች፤ «ጋሼ፣ ዕቃው ይቆጠር»። ተቆጠረ። አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አልጎደለም። የዕለት ሽያጩም ከባንክ ገቢው ጋር ተመሳከረ፤ ልክ ነው። ምክንያቱ ሳይገኝ ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም እንኳ አንድ ነገር ነበር። ግን ሪፖርቱ የወጣው ከኮምፒዩተር ነው፣ ኮምፒዩተር ደግሞ አይዋሽም ተባለና በሦስተኛው ቀን ዋሷ ተጠራ።

አጎታችን ሽማግሌ ይዞ ሄደ። ከደመወዟ በየወሩ እየተቆረጠ ይከፈል ተብሎ ታረቁ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ማንም ያልወሰደው፣ በቆጠራም ያልጎደለ ነገር ነው በሽምግልና የሚከፈለው! ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደሉም። እንዲያውም በችግር ጊዜ ለስንቱ በዱቤ ቆርቆሮ የሰጡ ሰው ናቸው። ያመኑት ወረቀቱን ነው።

ለክረምት ዕረፍት ወደዚያው ወጥቼ ስለነበር የዕቃዎቹን የገቢና የወጪ ዝርዝር አሳትመን ከአክስቴ ልጅ ጋር መስመር በመስመር አየነው። ያገኘነውን በቀላል ቁጥር ላስረዳችሁ፤ ቁጥሮቹን ለማብራሪያ እንዲመቹ አድርጌ አሳጥሬያቸዋለሁ።

አማካይ ዋጋ ማለት ከባድ ነገር አይደለም። መደብሩ ውስጥ በ500 ብር የተገዛ 10 ቆርቆሮ አለ እንበል፤ 5,000 ብር ነው። መኪና 60 ቆርቆሮ በ700 ብር ሒሳብ አመጣ፤ 42,000 ብር። አሁን 70 ቆርቆሮ፣ 47,000 ብር ሆነ። ሲካፈል የአንዱ አማካይ ዋጋ 671 ብር ከ43 ሳንቲም ነው። ከዚህ ላይ 30 ቆርቆሮ በ750 ብር ቢሸጥ 22,500 ብር ይገባል፤ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 20,142 ብር ከ86 ሳንቲም ስለሆነ ትርፉ 2,357 ብር ከ14 ሳንቲም ይሆናል። ትንሽ ናት ግን እውነተኛ ናት።

በተግባር የሆነው ግን ሌላ ነው። ዕቃ ከደብረ ብርሃን ወይም ከመርካቶ ሲጫን ብዙ ጊዜ በሾፌሩ እጅ የሚመጣው ብጣሽ ወረቀት ነው። ዋናው ደረሰኝ የሚደርሰው ዱቤው ሲከፈል፣ አንዳንዴም መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ ሲከፈት ነው። ደንበኛ ደግሞ ደረሰኝ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ክረምት ሊገባ ነው፣ ቤቱ ያፈስበታል። ስለዚህ 30 ቆርቆሮ ተሸጠ፣ ሽያጩም ያኔውኑ ሶፍትዌሩ ውስጥ ገባ። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ግን 10 ቆርቆሮ ብቻ ነው። ምን ያደርጋል? አልሸጥም አይልም። የሚያውቀውን የ500 ብር ዋጋ ለሠላሳውም ሰጥቶ፣ ወጪውን 15,000 ብር ብሎ፣ ቀሪውን «ሃያ ሲቀነስ» ብሎ ይመዘግባል። ሃያ ሲቀነስ ቆርቆሮ! እስቲ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። በዚያን ዕለት ሪፖርቱ 7,500 ብር ትርፍ አሳየ።

ከሳምንት በኋላ ደረሰኙ መጥቶ 60 ቆርቆሮ በ42,000 ብር ተመዘገበ። ከዜሮ በታች ሃያ የነበረው አርባ ሆነ፤ ከዜሮ በታች 10,000 ብር የነበረው ዋጋ 32,000 ብር ሆነ። 32,000 ለ40 ሲካፈል 800 ብር ይመጣል። አስተውሉ፤ ይህ መደብር በሕይወቱ በ800 ብር የገዛው ቆርቆሮ የለም። አንዱ በ500፣ ሌላው በ700 ነው የተገዛው። የሁለት ቁጥሮች አማካይ ከሁለቱም በላይ ሲሆን አንድ ነገር እንደተሰበረ ለማወቅ አካውንታንት መሆን አያስፈልግም። የተትረፈረፈው ትርፍ ከእውነተኛው ጋር ሲተያይ ልዩነቱ 5,142 ብር ከ86 ሳንቲም ነው። ያ ብር የትም አልሄደም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ይህ እንግዲህ በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ጭነት ነው። በመደብሩ ስንት ዓይነት ዕቃ፣ በዓመት ስንት ጭነት እንዳለ ገምቱ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ቀሪው 40 ቆርቆሮ በሙሉ ቢሸጥ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ 800 ብር ወጪ ስለሚይዝ፣ በ750 የተሸጠው ሁሉ ኪሳራ ይመስላል፤ በመጨረሻ ግን 15,000 እና 32,000 ተደምሮ ያው ትክክለኛው 47,000 ይመጣል። ስሕተቱ በጊዜ ብዛት ራሱን ይበላል ማለት ነው። ታዲያ ምን ያስጨንቃል ትሉ ይሆናል። የሚያስጨንቀው ሰኔ 30 መሐል ሲገባ ነው። መጀመሪያ የሌለው ትርፍ በአንዱ ዓመት፣ ቀጥሎ የሌለው ኪሳራ በሌላው ዓመት ይወድቃል። ባለሱቁ ላልነበረ ትርፍ ግብር ይከፍላል፣ ካሸሯ ላልነበረ ገንዘብ ተጠያቂ ትሆናለች። ሁለቱም የሚጣሉት እርስ በርሳቸው ነው።

አንዳንድ ሶፍትዌሮች በእርግጥ ደረሰኙ ሲገባ ዋጋውን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ይህም ቢሆን ሙሉ መፍትሔ አይደለም፤ ማስተካከያው ማንም ያልጻፈው ተጨማሪ መስመር ሆኖ በሌላ ቀን፣ አንዳንዴም በሌላ ወር ላይ ይገኛል። ባለፈው ወር የታተመው ሪፖርትና ዛሬ የሚታተመው ሳይመሳሰሉ ሲቀሩ «ማን ነካው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። መልሱ ማንም የሚል ሲሆን ደግሞ የሚያምን የለም።

ብዙ ነጋዴዎች «ሶፍትዌሩ ድሮ ደህና ነበር፣ አሁን ነው የተበላሸው» ይላሉ። በበኩሌ ይህ አባባል እውነትም ስሕተትም ያለበት ይመስለኛል። ዋጋ ባለበት ሲረግጥ የምዝገባ ቅደም ተከተል ቢዛባም አይታወቅም። በ500 የገዛኸውን በ500 ከገዛኸው ጋር ብታማክለው፣ ቀድሞ ሸጠህ ኋላ ብትመዘግበው፣ ያው 500 ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከዚያ በፊት በባንክ ሃምሳ ሰባት ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ሳምንታት ሳይሞላ ከመቶ ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ወይም ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ሸቀጥ አሮጌ ዋጋና አዲስ ዋጋ ጎን ለጎን ይዞ ተገኘ። ያን ጊዜ ድሮም የነበረው ቀዳዳ ታየ። የዝናብ ነገር እንዲሁ ነው፤ ጣሪያው የሚያፈሰው በክረምት ቢሆንም የተበሳው በበጋ ነው።

የቅደም ተከተል ጉዳይ ዋናው ቢሆንም ብቻውን አይደለም። ሚስማር በካርቶን ተገዝቶ በኪሎ ይሸጣል፤ ገዢው «1 ካርቶን» ብሎ ከመዘገበና ሻጩ «25 ኪሎ» ብሎ ካወጣ ከዜሮ በታች 24 ሆነ ማለት ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ ሌላው ነው። ለታክሱ የተመዘገበ ነጋዴ በግዢ ላይ የከፈለውን 15 በመቶ ስለሚያቀናንሰው በዕቃው ዋጋ ውስጥ አይደምረውም፤ ያልተመዘገበው ግን ይደምረዋል። በአንድ መደብር ውስጥ አንዱ ደረሰኝ ታክሱ ተደምሮበት፣ ሌላው ሳይደመርበት ከገባ አማካዩ የማንም አይሆንም። የትራንስፖርትና የጫኝና አውራጅ ወጪም አለ። ለአዲስ አበባ ሱቅ ይህ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ እስከ መንዝ ለሚወጣ ሲሚንቶ ግን ትንሽ አይደለም፣ በደንቡም የግዢው ዋጋ አካል ነው። የሳንቲም መጠጋጋትን ሰበብ የሚያደርጉም አሉ። መጠጋጋት ሳንቲም ያጎድላል እንጂ አምስት ሺህ ብር አይበላም።

ታዲያ ልዩነት ሲገኝ ምን ይደረግ? እኛ ያደረግነው ይህን ነው። መጀመሪያ የዳታውን ኮፒ በፍላሽ አስቀመጥን። ቀጥሎ ሁሉም የተስማማበትን የመጨረሻውን ቆጠራ ቀን መነሻ አድርገን የአንዱን ዕቃ እንቅስቃሴ አሳተምን። አንድ ዕቃ ብቻ፤ ሁሉን በአንዴ ማየት ራስ ያዞራል። ከየመስመሩ ጎን ቀሪውን ብዛት በእስክሪብቶ ጻፍን። ብዛቱ ከዜሮ በታች የወረደበት መስመር ላይ አሰመርን፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ግዢ አየን፣ አማካዩን በካልኩሌተር ሠራን። ከስድስት ዕቃዎች አራቱ ላይ ችግሩ እዚያው ተገኘ። አምስተኛው የካርቶንና የኪሎ ነበር። ስድስተኛው ላይ ቀሪው ዜሮ ሆኖ ሳለ ዋጋው ዜሮ አልነበረም። ዕቃው የለም፣ ብሩ አለ! ከዕቃው መዝገብ ይልቅ የክምችቱን ጠቅላላ ሒሳብ በጆርናል የነካው ሰው እንዳለ ታወቀ፤ ሠነዱ ሲወጣ ለዓመቱ መዝጊያ የመጣ የውጭ ባለሙያ የሠራው ነበር። ያልተዘጋው ወር ውስጥ ያለውን ቀኑን በማረም፣ የተዘጋውን ደግሞ በማስተካከያ መዝገብ ማረም ይቻላል፤ ይህን ግን የሚያውቅ አካውንታንት ይሥራው እንጂ እኔና ቢጤዎቼ አንነካካው።

ባለቤቱ ወረቀቱን አይተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የተቆረጠባትን መልሰውላታል። እሷ ግን ወደ ሥራው አልተመለሰችም።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ። ፒችትሪ አትላንታ፣ አሜሪካ የተወለደ ሶፍትዌር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ስሙ ሴጅ 50 ሆኗል፣ እኛ አገር ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚባለው። አዲስ ዕቃ ስትመዘግብ ከሦስት የዋጋ አያያዝ ዘዴዎች አንዱን ምረጥ ይላል፤ አማካይ፣ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ፣ ኋላ የገባ ቀድሞ ይውጣ። የመጨረሻው በአሜሪካ የሚሠራበት ቢሆንም በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ የተከለከለ ነው፤ ይህን ደረጃ ደግሞ አገራችን በ2006 በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 ተቀብላዋለች። ኋላም በሌላ አዋጅ የተተካው የ1994ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 የሸቀጥ ክምችት በአማካይ ዋጋ እንዲሰላ ያዝዝ ነበር። አማካይ ዋጋ በሱቆቻችን ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም። የአክስቴን ልጅ በሥልጠናው ላይ ስለዚህ ምን ተባላችሁ ብያት ነበር። «አቬሬጅ የሚለውን ጫን፣ ሴቭ በል» ተባልን አለችኝ። ለምን እንደሚጫን፣ ሲዛባ በምን እንደሚታወቅ ያስረዳቸው የለም። እንዲህ ያለውን ሥልጠና ለመንቀፍ አልፈራም። የቁልፍ ቅደም ተከተል ያስጠና ሰው ሒሳብ አስተማረ አይባልም። ሰርተፊኬቱን የያዘችው ልጅ ዋስ ስታቀርብ አሠልጣኙ ዋስ አያቀርብም።

ይህ የእኛ አገር ድክመት ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ ወደ እንግሊዝ ልውሰዳችሁ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ የሚያቀርበውን ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በቅርንጫፎቹ ዘረጋ። ሥርዓቱ ጉድለት አለ ሲል ቅርንጫፉን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ከኪሳቸው ክፈሉ ተባሉ። ያልቻሉት ተከሰሱ። እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆትና ሒሳብ በማጭበርበር ወንጀል ተፈረደባቸው፤ የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን ያጡ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። በታኅሣሥ 2019 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥርዓቱ ስሕተቶችና እንከኖች እንደነበሩበት ወሰነ። በ2024 የእንግሊዝ ፓርላማ ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ እስከ ማውጣት ደረሰ። የሆራይዘን እንከን የአማካይ ዋጋ አልነበረም፤ የሰዉ አስተሳሰብ ግን ከቀየቱ ጋር አንድ ነው። ማሽኑ ጎድሏል ካለ ሰው ወስዷል።

እኛን የሚመለከተን ደግሞ ይህ ነው። ታሪኩን በአደባባይ ያወጣው ትልቅ ጋዜጣ ወይም ቴሌቪዥን አልነበረም። በግንቦት 2009 የሰባት ሰዎችን ጉዳይ ይዞ የወጣው ኮምፒዩተር ዊክሊ የተባለ የሙያ መጽሔት ነው። ታዲያ አገሩ በሙሉ የተቆጣው መቼ ነው? አይ.ቲ.ቪ. በጥር 2024 ድራማ ሠርቶ ሲያሳይ! ከአሥራ አራት ዓመት በላይ። በመሐሉ እነዚህን ሰዎች ሌባ ብለው የዘገቡ የአካባቢ ጋዜጦች ነበሩ፤ የፍርድ ቤት ዜና ነው ብለው እንደወረደ ጻፉት። ሥርዓቱ ያወጣውን ቁጥር ማን አመሳከረ ብሎ የጠየቀ ዘጋቢ በጣም ጥቂት ነው።

በክፍላችን ዜና አጻጻፍ እንማራለን፣ ሥነ ምግባር እንማራለን፣ ምንጭህን በሁለተኛ ምንጭ አረጋግጥ ተብለናል። ምንጩ ሰው ሲሆን ማለት ነው። ምንጩ የታተመ ሪፖርት ሲሆን ግን ዝም ብለን እንገለብጣለን። «የድርጅቱ ሠነድ እንደሚያመለክተው» ከጻፍን ኃላፊነታችን ያበቃ ይመስለናል። ነገ ተመርቀን ዞን ኮሙኒኬሽን ወይም ሬዲዮ ጣቢያ ስንመደብ፣ የሕብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ጎደለ፣ መጋዘን ጠባቂ ተያዘ የሚል ዜና በየሳምንቱ ይመጣልናል። እውነተኛ ሌባ የለም እያልኩ አይደለም፤ ሞልቷል። ግን ቆጠራ ተደርጓል ወይ? ዕቃው ነው የጎደለው ወይስ ዋጋው? ልዩነቱ የታየው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ የአካውንቲንግ ዲግሪ አያስፈልግም፤ መልሳቸው ግን ዜናውን ሊገለብጠው ይችላል።

መምህሮቻችን «ኮርሱ ሞልቷል» ሊሉ እንደሚችሉ እገምታለሁ። ልክ ናቸው፣ ሞልቷል። የምለምነው አዲስ ኮርስ አይደለም። የአካውንቲንግ ክፍል ኮምፒዩተር ላብ ከእኛ መማሪያ ሕንፃ ሩቅ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የእነሱ ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችና የእኛ ሁለተኛ ዓመት አብረን ብንቀመጥ፣ እነሱ የአንድ ዕቃ ሌጀር ይከፍቱልናል፣ እኛ ደግሞ እንጠይቃቸዋለን። ስሞችና ዋጋዎች የተቀየሩባቸውን ስድስቱን ወረቀቶች እኔ አመጣለሁ፤ የአክስቴ ልጅም እመጣለሁ ብላለች። ፈቃደኛ የሆነ የክፍል ተጠሪ ካለ ስሙን በቡለቲኑ ሣጥን ውስጥ ይተውልኝ።